እረኛው ያየውን ሐኪሙ ከሁለት ወር በኋላ ሰማ፦ የጋሪሳ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት

ከአንድ ቁጥር እንነሳ። 61.7 ቀን።

በ2006 መጨረሻ በፈረንጆቹ፣ በእኛ 1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ፣ በጋሪሳና አካባቢዋ፣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ተነሳ። የመጀመሪያው እንስሳ ከታመመበት ቀን አንስቶ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቦታው እስኪደርስ በአማካይ ያለፈው ጊዜ ይህ ነው። ሁለት ወር። ቁጥሩ የመጣው አዲስ አበባም ግቢ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ከተሳተፈበት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ መንደር ለመንደር ዞረው የሶማሌ አርብቶ አደሮችን ጠየቁ። ዝናቡ መቼ ጣለ? ትንኙ መቼ በዛ? የመጀመሪያዋ በግ መቼ ጽንስ ጣለች? የመጀመሪያው ሰውስ መቼ አተኮሰው?

አርብቶ አደሮቹ የመለሱትን ደርድሩት። ከባዱ ዝናብ በጣለ በ24 ቀን ገደማ የትንኝ መንጋ ታየ። ትንኙ በታየ በ17 ቀን ገደማ እንስሳት መታመም ጀመሩ። እንስሳቱ በታመሙ በ18 ቀን ገደማ ደግሞ ሰው ታመመ። ባለሙያው ገና አልመጣም። እሱ እስኪመጣ በአማካይ ሌላ ስድስት ሳምንት ይቀራል።

እኔ ይህን ጉዳይ የምጽፈው ለዚህ ክፍተት ስል ነው። ስለ ወረርሽኝ ስናወራ ብዙ ጊዜ "መረጃ አልነበረም" እንላለን። ጋሪሳ ላይ መረጃው ሞልቶ ነበር፣ ከሳተላይትም ከእረኛም። ያልነበረው ሰው ሳይሞት በዚያ መረጃ የሚነሳ አካል ነው። በኋላ ኪሳራውን ማን ተሸከመ ከተባለ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ያየው ሰው ነው።

ቦታውና ከብቱ

ጋሪሳ ከናይሮቢ ወደ ምሥራቅ፣ የጣና ወንዝ ዳር ያለች ሞቃት ከተማ ናት (የእኛ ጣና እንዳይመስላችሁ፣ የኬንያው ወንዝ ነው)። ከከተማዋ ወደ ሶማሊያ ድንበር ያለው መሬት ደረቅ ሜዳ ነው። ነዋሪው በአብዛኛው ሶማሌ ነው፣ ኑሮውም ከብት፣ ግመል፣ በግና ፍየል ነው። የጋሪሳ የቁም እንስሳት ገበያ በምሥራቅ አፍሪካ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ብዙው ከብት ከደቡብ ሶማሊያ፣ ከጁባ ወንዝ አካባቢ ድንበር ተሻግሮ ይመጣና ከጋሪሳ ወደ ናይሮቢና ወደ ሞምባሳ ቄራዎች ይጫናል። ገበያው አንድ ሳምንት ቢዘጋ የከብቱ ባለቤት ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ደላላው፣ ጫኚው፣ የመኪናው ሾፌር፣ አራጁ፣ ቆዳ ሰብሳቢው፣ ሻይ የምታፈላዋ ሴትዮ ሁሉ አብረው ይዘጋሉ።

አካባቢው በሽታውን ያውቀዋል። የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የሚመጣው የኤልኒኖ ዝናብ በፈረንጆቹ 1997 እና 1998 ሰሜን ምሥራቅ ኬንያንና ደቡብ ሶማሊያን ሲያጥለቀልቅ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል፤ በአካባቢው በበሽታው የተያዘው ሰው ቁጥር ወደ 89 ሺህ ይጠጋል ተብሎ ተገምቷል። አርብቶ አደሩ የራሱ ስም አለው፣ ሳንዲክ ይለዋል። ምልክቱን ሲነግሩህ ከእንስሳት ሕክምና መጽሐፍ ብዙም አይርቅም። እርጉዝ በጎች በአንድ ጊዜ ጽንስ ይጥላሉ፣ ግልገል እንደ ቅጠል ይረግፋል፣ ከአፍንጫ ደም ይመጣል።

ቫይረሱ በዝናብና በዝናብ መሀል የት ይከርማል?

ይህቺን ነገር ሳይረዱ ጉዳዩን መረዳት አይቻልም፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

በሽታው በሳይንስ የተለየው በኬንያ ስምጥ ሸለቆ፣ በናይቫሻ ሐይቅ አካባቢ በ1930 እና በ1931 ነው። የአንድ እርሻ በጎች ጽንስ እየጣሉ፣ ግልገሎቹም በብዛት እየሞቱ ሲያስቸግሩ ነው የተደረሰበት። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ቫይረሱን የሚያስተላልፈው ትንኝ ነው፣ ግን ሁሉም ትንኝ አንድ አይነት ሥራ የለውም። አንዱ አይነት፣ ኤዲስ የሚባለው፣ እንቁላሉን ውሃ በሚያቁር ረባዳ መሬት ላይ ይጥላል። ውሃው ይደርቃል፣ እንቁላሉ አፈር ውስጥ ይቀራል። እናቲቱ ቫይረሱ ካለባት እንቁላሉም ይዞት ሊቆይ ይችላል። አመት፣ ሁለት አመት፣ ከዚያም በላይ። ከዚያ አንድ ቀን ከመጠን ያለፈ ዝናብ መጥቶ ረባዳውን ለሳምንታት ሲሞላው እንቁላሉ በአንዴ ይፈለፈላል። የመጀመሪያዎቹ ትንኞች ቫይረሱን ይዘው ነው የሚወጡት። ቅርብ ያለውን በግ ይነድፋሉ። በበጉ ደም ውስጥ ቫይረሱ በብዛት ይራባል። ቀጥሎ ውሃው ሲሰነብት ኩሌክስ የሚባሉት ትንኞች ይበዙና ከታመመው እንስሳ እየመጠጡ ለሌላው ያዳርሱታል። እሳቱ የሚዛመተው በሁለተኛዎቹ ነው።

ሰው ጋ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። በትንኝ ንድፊያ ይደርሳል። ይበልጥ የተለመደው ግን የታመመ እንስሳ ደም፣ ሥጋ፣ የተጣለ ጽንስና የእንግዴ ልጅ በመንካት ነው። በግ ሲያርድ፣ ሲገፍ፣ ሲያዋልድ። በ2006 እና በ2007 የተደረጉት ጥናቶችም ይህንኑ ነው ያገኙት፦ ከበግ ደምና ፈሳሽ ጋር የተነካካ፣ የተጣለ ጽንስ ያነሳ፣ የታመመ እንስሳ ሥጋ ያዘጋጀ ሰው ይበልጥ ተይዟል። ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ እስካሁን አልታየም።

አብዛኛው የተያዘ ሰው እንደ ጉንፋን አተኩሶት፣ ጡንቻውን ቆርጥሞት በሳምንት ይተወዋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን በሽታው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ወይም አንጎል ያስቆጣል፣ ወይም ጉበት ይጎዳና ያደማል። የመድማቱ አይነት ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም፣ ያ ከያዘው ግን ከሁለት አንዱ ገደማ ይሞታል። አሁን ይህን ከጤና ጣቢያ አንፃር እዩት። ባለሙያው በቀን ውስጥ ሠላሳ የሚያተኩሰው ሰው ያያል። ወባ ነው ይላል፣ ኪኒን ይሰጣል። የሚደማ ሰው እስኪመጣ ድረስ ምንም የተለየ ነገር የለም። የሚደማ ሰው መጣ ማለት ደግሞ ከኋላው በመቶዎች የተያዙ አሉ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያው ደርሶ ነበር

በ2006 የሕንድ ውቅያኖስ ሞቀ፣ ኤልኒኖም አብሮ ተነሳ። ናሳ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች የባሕር ሙቀትን፣ ዝናብንና የመሬት ልምላሜን ከሳተላይት እያዩ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን የመተንበይ ዘዴ ነበራቸው። ዘዴው ከ1997ቱ ወረርሽኝ ትምህርት የተወለደ ነው። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ምሥራቅ አፍሪካ አደጋ ላይ መሆኑን እያሳዩ መጡ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በኖቬምበር ለአገራቱ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ማለትም ሰው መሞት ከመጀመሩ ሳምንታት ቀድሞ። በሽታው እንዲህ ከሰማይ ታይቶ ሲተነበይ ይህ የመጀመሪያው ነው ብለው ራሳቸው ጽፈውታል፣ ትንቢቱም ያዘ።

ዝናቡ ግን ቀልድ አልነበረም። የጣና ወንዝ ሞላ፣ መንገዶች ተቆረጡ፣ የዳዳብ የስደተኞች ካምፖች ውሃ ገባባቸውና እርዳታ በአውሮፕላን ይገባ ጀመር። ያው ዝናብ እኛም ጋ ደርሶ ነበር። የዚያን ሰሞን ዋቢ ሸበሌ ሞልቶ ሶማሌ ክልል ውስጥ ቀላፎንና ሙስታሂልን ያጥለቀለቀበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ጋሪሳ ላይ የእንስሳት ሐኪም ልላክ ብትል እንኳ መኪናው የት ያልፋል?

ለመዘግየቱ መንገድ አንዱ ምክንያት ነው። ብቸኛው ግን አይደለም፣ ዋናውም አይመስለኝም። ማስጠንቀቂያው ሲደርስ ባለሥልጣኑ እጅ ያለው ምንድነው? "ሊከሰት ይችላል" የሚል ወረቀት ነው። ክትባት ልግዛ ቢል ገንዘቡን ማን ይፈቅዳል? በሽታው ለአስር አመት ገደማ ጠፍቶ ስለነበር በመሀሉ የሚከትብም የሚገዛም አልነበረም፣ አምራችም ማንም የማይገዛውን ክትባት አከማችቶ አይጠብቅም። ገዝቶ በሽታው ባይመጣ ገንዘብ አባካኝ ይባላል። ሳይገዛ ቢቀርና በሽታው ቢመጣ ግን ዝናቡ ነው ያመጣው ይባላል። በዚህ ስሌት ማንም ሰው መጠበቅን ነው የሚመርጠው። ምን መጠበቅ? የላብራቶሪ ማረጋገጫ። ላብራቶሪው ደግሞ ናሙና ይፈልጋል፣ ናሙናው መንገድ ይፈልጋል፣ እንዲህ እየተባለ ይዞራል።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄኛው እኛንም ይመለከታል። በሴፕቴምበር 2000 በሽታው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሳውዲ ዓረቢያ ጂዛን ውስጥና የመን ውስጥ ተነሳ። ከአፍሪካ ውጪ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነበር። ሳውዲ ውስጥ ብቻ ከ800 በላይ ሰዎች ታመው ከ100 በላይ ሞቱ። የቫይረሱ ዘር ሲመረመር ከ1997 እና ከ1998ቱ የምሥራቅ አፍሪካ ቫይረስ ጋር በጣም የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ወዲያው ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣ የቁም እንስሳ አይግባ አሉ። ኢትዮጵያም በዚያ ውስጥ ነበረች፣ ያኔም እስካሁንም የበሽታው ወረርሽኝ በአገራችን ተረጋግጦ የማያውቅ ቢሆንም። ከጅግጅጋና ከደጋሃቡር ሜዳ ተነድቶ በርበራ ወደብ የሚጫነው በግ ባለበት ቀረ። በርበራ በ1997 ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ እንስሳ የላከ ወደብ ነበር። የሳውዲው በር በሶማሊያ በኩል በደንብ የተከፈተው በ2009 ነው። ዘጠኝ አመት። ታዲያ ይህን ያየ የአካባቢው መንግሥትም፣ ነጋዴም፣ አርብቶ አደርም "በጎቼ ጽንስ እየጣሉ ነው" ብሎ ጮክ ብሎ ለመናገር ቢያመነታ ይፈረድበታል? እውነት የተናገረ ሰው ገበያው የሚዘጋበት ሥርዓት ካበጀህ በኋላ ለምን ቶሎ አልነገራችሁኝም ማለት አይከብድም?

ሰው ሲሞት

በዲሴምበር 2006 አጋማሽ (ታኅሣሥ መግቢያ ላይ) ከጋሪሳ ወደ ናይሮቢ ወሬ ደረሰ፦ ሰዎች አተኩሷቸው፣ ከየቦታው እየደሙ እየሞቱ ነው። እስከ ዲሴምበር 20 ድረስ 11 ሰዎች ሞተዋል። ከመጀመሪያዎቹ 19 ታማሚዎች ደም ተወስዶ ተመረመረ። ቢጫ ወባ አይደለም፣ ኢቦላ አይደለም፣ ዴንጊም አይደለም። በ10ሩ ላይ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምልክት ተገኘ፣ ከስድስቱ ደግሞ ቫይረሱ ራሱ ተለየ። ነገሩ አለቀ፣ ስሙ ታወቀ።

ከዚያ በኋላ ለፍጥነቱ እንኳ መመስገን ይገባቸዋል። የኬንያ ጤና ሚኒስቴር፣ የአገሪቱ የሕክምና ምርምር ተቋም ኬምሪ፣ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ሁሉም ተረባረቡ። ሰው ታሞ ሲገኝ ዓለም እንዴት እንደሚሮጥ እዩ። በጎቹ ሲረግፉ ግን ያ ሁሉ ዝም ነበር።

እስከ ጃንዋሪ 25፣ 2007 ድረስ 404 ታማሚዎችና 118 ሟቾች ተመዘገቡ። በሽታው ከጋሪሳ ወደ ኢጃራ፣ ወደ ዋጂር፣ ወደ ጣና ሪቨር፣ ወደ ባሕር ዳርቻው ኪሊፊ ሄደ። ቀጥሎ እጅግ ርቆ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባሪንጎ ላይ ብቅ አለ። ወረርሽኙ ሲያበቃ በኬንያ 684 ሰዎች ታመው 155 ሞተዋል ተብሎ ተዘገበ። ሶማሊያ ውስጥ 114 ታማሚና 51 ሟች፣ ታንዛኒያ ውስጥ 264 ታማሚና 109 ሟች። እነዚህ የተመዘገቡት ናቸው። ቤቱ አተኩሶት የዳነው አይቆጠርም። ሶማሊያ ላይ ያለውን ቁጥር ስታዩ ደግሞ የጊዜውን ሁኔታ አስታውሱ። በዚያው ዲሴምበር የኢትዮጵያ ጦር ከእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ጋር እየተዋጋ ነበር፣ በጃንዋሪ መጀመሪያ ኬንያ ድንበሯን ዘጋች። በዚያ መሀል ገብቶ የታመመ የሚቆጥር ማን ነው?

ሥጋ ሲከለከል

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንምጣ። በሽታው እንደተረጋገጠ መንግሥት በተጠቁት ወረዳዎች እርድ ከለከለ፣ የእንስሳት ዝውውር አገደ፣ የጋሪሳን ገበያ ዘጋ። እርምጃው በመርህ ደረጃ ትክክል ነው። ሰው የሚያዘው በእርድ ላይ ከሆነ እርድ ማቆም ግድ ነው። ጊዜው ግን ክፉ ነበር፣ አረፋ የዋለው በዚያው በዲሴምበር መጨረሻ ነው። በሶማሌ ማኅበረሰብ ዘንድ ያለ እርድ አረፋ ምን ማለት እንደሆነ ፋሲካን ያለ በግ ለሚያስበው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ከበዓሉ በላይ ግን የሳምንቱ ቀለብ ነው የተነካው። አርብቶ አደር ወተት ይጠጣል፣ ሥጋ ይበላል፣ እንስሳ ሸጦ እህል ይገዛል። ሦስቱም በአንድ ቀን ተዘጉ። ወተቱ ይፈራል፣ ሥጋው ተከልክሏል፣ ገበያው የለም። ጎርፉ ደግሞ ዱቄት የሚያመጣውን መንገድ ቆርጦታል። ሰዉ ከድርቅ ወጥቶ ጎርፍ ውስጥ የገባ ነው፣ 2006 መጀመሪያው ላይ አካባቢው በከባድ ድርቅ ውስጥ ነበር። ከድርቁ የተረፈችውን እርጉዝ በግ ተስፋ አድርጎ ዝናብ ሲጠብቅ ዝናቡ መጥቶ ያቺኑ በግ አስጣላት።

በኋላ የተሠራ የኢኮኖሚ ጥናት በመላው ኬንያ የደረሰውን ኪሳራ ከ2.1 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ በላይ፣ ወደ 32 ሚሊዮን ዶላር አድርጎ ገምቶታል። በእንስሳት ሞት ብቻ ከ610 ሚሊዮን ሽልንግ በላይ ጠፍቷል። ቀሪው የተበተነው ሰንሰለቱ ላይ ነው፦ ነጋዴው፣ ቄራው፣ ልኳንዳ ቤቱ፣ ትራንስፖርቱ። በሽታው ባልደረሰበት ናይሮቢ እንኳ ሰው ቀይ ሥጋ ፈርቶ ወደ ዶሮና ወደ ዓሣ ዞረ። ቄራ ውስጥ በቀን የሚከፈለው ሠራተኛ እርድ ከሌለ ደመወዝ የለውም። ካሳ የሚባል ነገር ማን ያውቃል። በዱቤ ከብት ተቀብሎ ናይሮቢ ሸጦ የሚመልስ ነጋዴ ደግሞ ዕዳው ላይ ቀረ። ይህ ንግድ በእምነት የሚሄድ ነው፣ ከብቱ ከጁባ ሲመጣ ባለቤቱ ገንዘቡን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከተሸጠ በኋላ ነው። አንዱ ጋ ሲቆረጥ እስከ መጨረሻው ይቆረጣል።

የሥጋውን ነገር ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ የእኛን አገር ቅርጫም ስለሚነካ። ከፍተኛው አደጋ ያለው የሚያርደውና የሚበልተው ሰው ላይ ነው፣ የሚበላው ላይ አይደለም። ሥጋ ታርዶ ሲያድር የራሱ አሲድነት ስለሚጨምር ቫይረሱን ያዳክመዋል፣ በደንብ የበሰለ ሥጋ ደግሞ ምንም አያደርግም፣ የተፈላ ወተትም እንደዚያው። ትኩስ ደም ያለበት እጅ፣ ጓንት የሌለው እጅ፣ ቢላዋ የቆረጠው ጣት፣ ችግሩ እዚያ ነው። ይህ መልእክት ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ "ሥጋ ሁሉ ሞት ነው" ከሚል ፍርሃት ይልቅ "የታመመ አትረድ፣ የጣለችውን ጽንስ በባዶ እጅ አትንካ" የሚል ጥንቃቄ ይዞ ብዙ ሰው ይተርፍ ነበር። ጥሬ ሥጋ ወዳጆች ግን ከዚህ ውስጥ ፈቃድ እንዳታነቡ። የታመመ እንስሳ ትኩስ ጥሬ ሥጋ ሌላ ጉዳይ ነው።

ክትባቱ ደርሶ ምን ሠራ?

የእንስሳት ክትባት የተጀመረው በጃንዋሪ 2007 ነው። ያኔ ከብቱ አንድም ታሟል፣ አንድም ሞቷል፣ አንድም ድኖ በራሱ ተከላክሏል። ያው ዘግይቶ የመጣ ነገር ከመቅረት ይሻላል እንበል፣ ግን እዚህ ላይ ያንን ማለት እንኳ ያጠራጥራል። የሚሰጠው ክትባት ስሚዝበርን የሚባለው አሮጌው ክትባት ነው፣ ኡጋንዳ ውስጥ በ1944 ከትንኝ ከተለየ ቫይረስ የተሠራ። ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በአንድ መርፌ ለረጅም ጊዜ ይከላከላል። ግን እርጉዝ እንስሳን ራሱ ጽንስ ሊያስጥላት ይችላል። ወረርሽኝ መሀል ደግሞ በአንድ መርፌ በግ ከበግ እየወጋህ ከሄድክ ከታመመው ደም ወደ ጤነኛው ታሻግራለህ። አርብቶ አደሩ ክትባቱን ፈራው ቢባል የሚገርም አይደለም። ሐኪሙ በሁለት ወሩ መጥቶ፣ የቀረችህን እርጉዝ በግ ልውጋት ሲልህ፣ ብትጥልስ ስትለው አናውቅም ቢልህ አንተስ ምን ትለው ነበር?

ክትባቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው እኔን አላስጨነቀኝም። ጊዜው ነው ነገሩ። ፋኦ በኖቬምበር ሲያስጠነቅቅ ተከትቦ ቢሆን ይህ ሁሉ ጥያቄ አይነሳም ነበር። ከትንኙ በፊት የተከተበ በግ ቫይረሱን አያራባም። ቫይረሱን የማያራባ በግ ደግሞ ባለቤቱን አያሳምምም። በዚህ በሽታ ሰውን ማዳን ማለት በተግባር በጉን ማዳን ነው። የጤናውና የእንስሳቱ ሚኒስቴሮች ለየብቻቸው ሲሆኑ ግን የበጉ በጀት የሰውን ሕይወት ያድናል ብሎ የሚፈርም አይገኝም።

ከዚያ ወዲህ

አንዳንድ ነገር ተቀየረ። ኢልሪና ፋኦ ከአካባቢው አገሮች የእንስሳት ሐኪሞች ጋር ተቀምጠው መቼ ምን ይደረግ የሚል መመሪያ አወጡ። ዋና ሀሳቡ የላብራቶሪ ማረጋገጫ መጠበቅ ይብቃ ነው። ትንበያ ሲመጣ ይህን፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል ይህን፣ አርብቶ አደሩ ትንኝ በዛ ሲል ይህን፣ ጽንስ ጣሉ ሲል ይህን እያለ ደረጃ በደረጃ ያዛል። እረኛው የሚናገረው ነገር ራሱ ለእርምጃ በቂ ምክንያት ሆኖ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ትልቅ ለውጥ ነው። ኬንያ ከዚያ በኋላ የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ ያስቀመጠ ክፍል አቋቋመች። በ2015 ሌላ ትልቅ ኤልኒኖ ሲመጣ አስቀድማ ተዘጋጀች፣ እንደ ጋሪሳው ያለ ትልቅ ወረርሽኝም አልታየም።

እኛስ? ወረርሽኝ አልተረጋገጠም ማለት ቫይረሱ የለም ማለት አይደለም። በሶማሌ ክልል በሰዎችና በእንስሳት ላይ የተደረገ የደም ምርመራ ቫይረሱ ያገኛቸው ሰዎችና እንስሳት እንዳሉ አሳይቷል፣ ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው አንቲቦዲ ደማቸው ውስጥ ተገኝቷል። ድንበሩ ለከብት ክፍት ነው፣ ትንኙ አለ፣ ረባዳው አለ፣ ጎርፉ አለ። በሞያሌ፣ በዶሎ አዶ፣ በቀላፎ በኩል አንድ እርጥብ አመት ላይ "በጎቹ በሙሉ ጣሉ" የሚል ስልክ ሲደወል ማን ያነሳዋል የሚለው ነው የሚያሳስበኝ። ያ ስልክ ወረዳ ላይ ደርሶ፣ ዞን ላይ አድሮ፣ ክልል ላይ ቢቆይ ስንት ቀን ይሆናል? ደዋዩስ ስልኩን ያነሳል ወይስ ገበያ ይዘጉብኛል ብሎ ዝም ይላል?

በ2018 ዝናብ የበዛበት ወቅት ላይ ኬንያ እንደገና ተፈተነች። በጁን መጀመሪያ በዋጂር አንድ ወጣት እየደማ ሆስፒታል ደረሰና በዚያው ቀን ሞተ። ከመታመሙ በፊት የታመመ እንስሳ ሥጋ በልቶ ነበር። ናሙናው በቀናት ውስጥ ተመርምሮ መንግሥት በጁን 8 ወረርሽኙን በይፋ አስታወቀ፣ ከ2006ቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ፈጣን ነው። ዋጂር ላይም ግን ደወሉን የደወለው የሰው ሞት ነው፣ በጎቹና ግመሎቹ ቀድመው ታመው እያለ።